የቅርጫት ኳስ ጫማን በሲሚንቶ ሜዳ ላይ መፈተሽ፦ ደረጃ በደረጃ የቀረበ መመሪያ

በኢንተርኔት የምናገኛቸው የቅርጫት ኳስ ጫማ ግምገማዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ጣሪያ ባለው አዳራሽ፣ በተወለወለ የእንጨት ወለል ላይ ነው። በአገራችን ግን ብዙው ወጣት የሚጫወተው በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በወጣት ማእከል ግቢ በተሠራ የሲሚንቶ ወይም የአስፋልት ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው በበጋ አቧራ ይለብሳል፣ በክረምት ውኃ ያቁራል፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ጎማ ይበላል። በእንጨት ላይ እጅግ የተመሰገነ ጫማ እዚህ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ሶሉ ሊላጥ ይችላል፤ እዚያ ደረቅ ነው ተብሎ የተነቀፈው ደግሞ እዚህ የተሻለ አገልጋይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሌላ ሰው ፍርድ ለመነሻ ያህል ቢጠቅምም የመጨረሻው ፍርድ መሰጠት ያለበት ጫማው በሚጫወትበት ወለል፣ በሚሸከመው ክብደትና በባለቤቱ አጨዋወት ነው። ይህ መመሪያ ያንን ፈተና እንዴት እንደሚያካሂዱ ያስረዳል።

ከመጀመር በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

ጫማን ብቻውን መመዘን አይቻልም። ወለል ይይዛል፣ ይለሰልሳል፣ ይከብዳል የምንለው ሁልጊዜ ከሌላ ጫማ ጋር እያነጻጸርን ነው፤ ማነጻጸሪያው ካልታወቀ ፍርዱ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። በመሆኑም ቢያንስ ለጥቂት ወራት የተጫወቱበትን፣ ጠባዩን በደንብ የሚያውቁትንና ሶሉ ገና ያላለቀ አንድ ጫማ ይምረጡ፤ ፈተናው እስኪፈጸም ድረስም ከአዲሱ ጋር ወደ ሜዳ ይዘውት ይምጡ። ከዚህ በታች የሚገለጸው እያንዳንዱ የሜዳ ሙከራ በሁለቱም ጫማዎች፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳና በአንድ ዓይነት ካልሲ ይሠራል። የካልሲው ነገር ተራ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ወፍራም ካልሲ ሰፊውን ጫማ ልክ፣ ልኩን ደግሞ ጠባብ ሊያስመስል ስለሚችል ልብ ሊባል ይገባል።

ከዚህ ሌላ ጠመኔ ወይም ፕላስተር፣ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እንቅስቃሴን አዘግይቶ የሚቀርጽ ስልክና ስልኩን የሚይዝ አንድ ጓደኛ ያስፈልጋሉ። ሜዳው በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ልክ የተሠራ ከሆነ ርዝመቱ 28 ሜትር፣ ስፋቱ 15 ሜትር ነው፤ ከቅርጫቱ በስተኋላ ካለው መስመር እስከ መሀል መስመር 14 ሜትር፣ እስከ ቅጣት መወርወሪያው መስመር 5.80 ሜትር ሲሆን ከቅርጫቱ ሥር ያለው አራት ማእዘን ስፋቱ 4.90 ሜትር ይሆናል። ብዙ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ከዚህ ያንሳሉ፤ መስመራቸውም በጊዜ ብዛት ደብዝዞ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ርቀቱን በእርምጃ ከመገመት ይልቅ በሜትር ለክተው በጠመኔ ምልክት ቢያደርጉ ይሻላል፤ ዋናው ነገር አሮጌውም አዲሱም ጫማ በአንድ ምልክት ላይ መፈተናቸው ነው።

አንደኛ፦ ጫማውን በእጅ መመርመር

በአንድ እጅ ተረከዙን፣ በሌላው አፍንጫውን ይዘው ጫማውን ያጥፉት። መታጠፍ ያለበት እግር ራሱ ሲሮጥ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ማለትም ከጣቶች መነሻ ላይ ነው። መሀሉ ላይ እንደ ልብ የሚታጠፍ ከሆነ በሶሉ ውስጥ ከፕላስቲክ ወይም ከካርቦን ፋይበር የሚሠራው ማጠንከሪያ የለውም ወይም ደካማ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ጫማ ለእግር ጉዞ ሊመች ቢችልም በድንገት ቆሞ ለሚነሣ ተጫዋች መሀል እግሩን ያደክመዋል። ቀጥለው ልብስ እንደሚጨመቅ ያጣምሙት፤ ጥቂት መጣመሙ ደግ ነው፣ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚዞር ከሆነ ግን ጉድለት ነው። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣትዎ ወደ ውስጥ ይጫኑት፤ ወዲያው የሚሰረጉድ ተረከዝ እግርን ቀጥ አድርጎ አይዝም።

ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዓይንዎን ወደ ጠረጴዛው ደረጃ ዝቅ አድርገው ከኋላና ከፊት ይመልከቱት። የሶሉ ወርድ ከላይኛው አካል ሰፋ ብሎ በተለይ በትንሿ ጣት በኩል ወደ ውጭ ወጣ ያለ መሆን አለበት፤ ይህች ትርፍ ስፋት በጎን ሲረግጡ ጫማው እንዳይገለበጥ የምትደግፍ ናት። ከዚያ ጫማውን ገልብጠው የሶሉን ቦይ ጥልቀት ከእግር መዳፉ ሥር፣ ከአውራ ጣቱ መነሻና ከትንሿ ጣት በኩል በማስመሪያ ይለኩና ይጻፉት። ይህን ቁጥር በመጨረሻው ደረጃ እንፈልገዋለን። ጎማውን በጥፍርዎ ሲጫኑት ምልክቱ ቶሎ የሚጠፋና ጥፍር የማያስገባ ከሆነ ጠንከር ያለ ነው፤ ጥፍር በቀላሉ የሚቀበል ለስላሳ ጎማ በእንጨት ላይ አጥብቆ የሚይዘው ራሱ፣ በሻካራ ሲሚንቶ ላይ እንደ ላጲስ ይበላል።

በገበያችን ኦሪጅናልና ኮፒ ጎን ለጎን ስለሚሸጡ አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል። ኮፒው በቀለሙም በምልክቱም ከዋናው ጋር አንድ ሊመስል ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው ዓይን በማያየው የሶሉ ሆድ ውስጥ ነው። ሶሌታውን አውጥተው ከሥሩ ምን እንዳለ ይመልከቱ፤ በአውራ ጣትዎም ተረከዙንና የእግር መዳፉን ቦታ ተጭነው ምን ያህል እንደሚሰጥና እንደሚመለስ ይሰሙት። ኮፒ መሆኑ የሚያጠራጥር ጫማ ሁሉ ስለ ዋናው የተጻፈ ግምገማ የማይመለከተው፣ ስሙ የማይታወቅ አዲስ ጫማ ተደርጎ መፈተሽ አለበት። ሰልባጅ ከሆነ ደግሞ ከሶሉ ጠርዝ ማስቲሹ እንዳልተላቀቀና ስፖንጁ እንዳልተሰነጣጠቀ ያረጋግጡ፤ በተለይ ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ስፖንጅ ሳይደረግ ተቀምጦም ቢሆን በዓመታት ውስጥ እርጥበት እየበላው ይፈረፈራል፤ ላዩ አዲስ የሚመስል ጫማ በመጀመሪያው ጨዋታ ሶሉ የሚራገፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፦ ልክና አስተሳሰር

ልክን የሚፈትሹት ከሰዓት በኋላ ወይም ከልምምድ በኋላ ይሁን፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሮጥ ያብጣል። ከብዙ ሰው ሁለት እግሮች አንዱ ስለሚበልጥ ልኩ የሚወሰደው በትልቁ ነው። ቆመው ከረጅሙ ጣትዎ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በድንገት ሲቆሙ እግሩ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጥፍር ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫል። የጠቆረ የአውራ ጣት ጥፍር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጫማው ከማነሱ ብቻ ሳይሆን ሰፍቶ እግሩን ባለመያዙ ጭምር ነው።

ማሰሪያውን ከታች ጀምረው ረድፍ በረድፍ እኩል ያጥብቁት። ከዚያ በደረጃ ጫፍ ላይ በእግር መዳፍዎ ብቻ ቆመው ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ተረከዙ በጫማው ውስጥ የሚነሣ ከሆነ ፍርድ ከመስጠትዎ በፊት የመጨረሻዋን ቀዳዳ ይጠቀሙባት፦ ማሰሪያውን በዚያው በኩል ወደ ላይኛዋ ቀዳዳ በመክተት ትንሽ ቀለበት ይሥሩ፣ የወዲያኛውን ጫፍ በወዲህኛው ቀለበት አሳልፈው ወደ ታች ስበው ይሰሩ። በርካታ ጫማዎች ተረከዝ አይዙም ተብለው የተወቀሱት ይህች ቀዳዳ ባዶዋን ስለቀረች ነው። በዚህም አስተሳሰር የሚነሣ ከሆነ ግን ጉድለቱ የጫማው ነው፤ ሁለት ካልሲ መደረብ መፍትሔ አይሆንም።

ሦስተኛ፦ ጫማውን ማለማመድ

አዲስ ጫማ ላይ በመጀመሪያው ቀን ፍርድ አይሰጥም። የሶሉ ጎማ ከፋብሪካ ቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ላዩ ላይ የሚቀር አንሸራታች ሽፋን አለው፤ ስፖንጁም ገና አልተረገጠም፤ የላይኛው አካልም የእግርዎን ቅርጽ አልያዘም። ሶሉን በእርጥብ ጨርቅ ደህና አድርገው ይጥረጉትና የመጀመሪያውን ልምምድ በውርወራ፣ በእርጋታ ሩጫና ኳስ በማንጠር ብቻ ያሳልፉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ልምምድ ፍጥነት ይጨምሩ። ከዚህ በኋላም በአንድ ቦታ ላይ የሚቆረቁር፣ የሚልጥ ወይም የሚያደነዝዝ ጫማ ከጊዜ ጋር ይለቃል ተብሎ ተስፋ ሊደረግበት አይገባም።

አራተኛ፦ ወለል የመያዝ አቅሙን መፈተሽ

በእኔ እምነት ለሲሚንቶ ሜዳ ከሌላው ሁሉ የሚቀድመው ፈተና ይህ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ልምምድ ቢሰጠው አይበዛበትም። ሜዳው ላይ እንደ ደረሱ በመጀመሪያ ወለሉን ራሱን ይመርምሩ፤ እጅዎን አሳርፈው ይጥረጉት። ሊሾ የተመታ ልሙጥ ሲሚንቶ፣ አሸዋው ወጥቶ የሻከረ ሲሚንቶ፣ አስፋልትና ቀለም የተቀባ ወለል አራት የተለያዩ ሜዳዎች ናቸው፤ በአንዱ የተገኘ ውጤት ለሌላው አይሠራም። በአንዳንድ ግቢ ከአንዱ ቅርጫት እስከ ሌላው እንኳ ወለሉ ይለያያል፤ ስለዚህ ሙከራው ሁሉ በአንድ ወገን ይሁን።

ቀጥታ የመቆም ሙከራው እንዲህ ነው። ከቅርጫቱ በስተኋላ ካለው መስመር ተነሥተው በሙሉ ፍጥነት ወደ መሀል መስመር ይሩጡ፤ መስመሩን ሲረግጡ በሁለት እርምጃ ለመቆም ይሞክሩ። ጓደኛዎ የፊት እግርዎ ጫፍ ያረፈበትን ቦታ በጠመኔ ያመልክት። ይህን አምስት ጊዜ በአሮጌው፣ አምስት ጊዜ በአዲሱ ጫማ ይድገሙት፤ ድካም ውጤቱን እንዳያዛባ በመካከል ይረፉ፣ የትኛው ጫማ እንደሚቀድምም በሌላ ቀን ይቀያይሩ። ከርቀቱ ይልቅ ምልክቶቹ ምን ያህል ተቀራራቢ እንደሆኑ ይመልከቱ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚያቆም ጫማ አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ከሚያቆም ይሻላል፤ ተጫዋች የሚጎዳው እግሩ ይይዛል ብሎ በጠበቀበት ቅጽበት ሳይዝ ሲቀር ነውና።

የጎን ሙከራው የመከላከል እንቅስቃሴ ነው። ከቅርጫቱ ሥር ባለው አራት ማእዘን በአንዱ ጠርዝ ቆመው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ ወደ ሌላው ጠርዝ በጎን እየተራመዱ ይሂዱና በውጪኛው እግር ገፍተው ይመለሱ። እዚህ መታየት ያለበት የሚገፋው እግር ነው፤ ሲገፋ ጥቂት እንኳ ወደ ውጭ የሚንሸራተት ከሆነ ጉልበትዎ ወደ እንቅስቃሴ ከመለወጡ በፊት ባክኗል። ሦስተኛው ሙከራ በአንድ እግር ተክሎ መዞር ነው፤ በዚህ ግን የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። ወለሉን ከመጠን በላይ የሚነክስ ሶል እግሩን አስሮ ሰውነቱን ስለሚያዞር ጉልበት ላይ ጫና ይፈጥራል፤ በእግር መዳፍዎ ላይ ያለ ችግር መዞር ካልቻሉ ሶሉ ይዟል ብለው አያድንቁት፤ ጉድለት አድርገው ይመዝግቡት።

ከዚህ በኋላ አቧራው ይመጣል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ተጫውተው ሶሉን ይገልብጡት። ጥሩ ቦይ ያለው ሶል ላይ አቧራው ከቦዩ ታች ተቀምጦ የጎማው አናት ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ቦዩ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ሶል ላይ ግን አቧራው ቦዩን ሞልቶ አናቱንም ጭምር ግራጫ ያለብሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚረገጠው ወለሉ መሆኑ ቀርቶ አቧራው ይሆናል። ተጫዋቾች በየጊዜው ሶላቸውን በመዳፋቸው ወይም በካልሲያቸው ሲጠርጉ የምናየው ስለዚህ ነው። ስንት ጊዜ ለመጥረግ እንደተገደዱ ቆጥረው ይጻፉ፤ ይህ ቁጥር ከማንኛውም የማስታወቂያ ቃል ይልቅ ስለ ሶሉ ይናገራል። በአዳራሽ ውስጥ የሚፈትሽ ሰው የጎማውን ጩኸት መስማት ይችላል፤ በሲሚንቶ ላይ ግን ጩኸቱ ብዙ ስለማይኖር ጆሮን ከማመን ሶሉን ገልብጦ ማየት ይሻላል።

ለክረምቱ ደግሞ ዝናብ ያባራበትን ሜዳ ይጠብቁ። በእርጥብ ወለል ላይ በሩጫ መፈተሽ አደገኛ ስለሆነ በዝግታ ብቻ ይሞክሩ፦ አንድ እግር ፊት አስቀምጠው ክብደትዎን ቀስ እያሉ ወደዚያ ያሳልፉ፣ ከዚያም ወደ ጎን ይግፉ። በመጀመሪያ በባዶው ሲሚንቶ፣ ቀጥሎ በተቀባው መስመር ላይ ያድርጉት። ቀለሙ የሲሚንቶውን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን እርጥብ መስመር ከሜዳው ሁሉ የሚያንሸራትተው ቦታ ነው፤ በደረቅ ጊዜ የሚተማመኑበት ጫማ መስመሩ ላይ ሲደርስ የሚከዳ ከሆነ ይህን ማወቅ የሚገባዎ በሙከራው ላይ እንጂ በጨዋታ መካከል አይደለም።

አምስተኛ፦ በጎን ኃይል ጊዜ እግርን አቅፎ መያዙ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2019 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ዛየን ዊልያምሰን ከኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ፣ ግራ እግሩን ተክሎ አቅጣጫ ሊቀይር ሲል ጫማው በጎኑ ተቀድዶ እግሩ ወጣ፤ ጉልበቱም ቀላል ጉዳት ደረሰበት። ዊልያምሰን ወደ 130 ኪሎ ግራም የሚጠጋ፣ እጅግ ፈጣን ተጫዋች ስለነበር አጋጣሚው የተለመደ ዓይነት አይደለም፤ ነገር ግን የጎን ኃይል በጫማ ላይ ምን ያህል እንደሚበረታ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ከዚህ የምንማረው ክብደትና ፍጥነት የጫማው ፈተና አካል መሆናቸውን ነው፤ ለ60 ኪሎ ጋርድ (ኳስ እያነጠረ ጨዋታ ለሚመራ ተጫዋች) የበቃ ጫማ ለ95 ኪሎ ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር ለሚጫወት ግዙፍ ተጫዋች) ላይበቃ ይችላል።

ሙከራው ቀላል ነው። በጠመኔ አንድ ነጥብ ያድርጉ፤ በሦስት አራተኛ ፍጥነት ሮጠው ነጥቡ ላይ በውጪኛው እግርዎ ረግጠው አቅጣጫዎን በስለት ይቀይሩ። ጓደኛዎ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጦ ከኋላዎ በዝግታ ቪዲዮ ይቅረጽ። በቪዲዮው ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ አንደኛ፣ የጫማው ላይኛ አካል ከሶሉ ጠርዝ አልፎ ወደ ውጭ ያብጣል ወይ? ሁለተኛ፣ ተረከዙ ወደ ጎን ያጋድላል ወይስ እንደተረገጠ ቀጥ ብሎ ይቆማል? የሚሰማዎትንም ይጻፉ፤ ትንሿ ጣትዎ የጫማውን ግድግዳ ገፍታ ከሶሉ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለች ከመሰለዎት ጫማው እግርን አላቀፈም። ከተለጣጭ ሹራብ መሰል ጨርቅ የተሠሩ ጫማዎች በሱቅ ውስጥ እጅግ ይመቻሉ፤ ይህ ጉድለታቸው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

ቁርጭምጭሚትን ስለሚሸፍን ረጅም አንገት ብዙ ወላጆችና አሠልጣኞች ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የኮሌጅ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት ረጅምና አጭር አንገት ባላቸው ጫማዎች መካከል በቁርጭምጭሚት ወለምታ ብዛት ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለጉዳት የሚያጋልጠው ከዚህ ቀደም ቁርጭምጭሚት ተጎድቶ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የአንገቱን ርዝመት እንደ ዋስትና ባይቆጥሩት መልካም ነው፤ ሶሉ ሰፊ መሆኑ፣ ተረከዙ አለመነሣቱና እግርዎ ከወለሉ ብዙ አለመራቁ ይበልጥ ሊታሰብባቸው ይገባል። ቁርጭምጭሚቱ ቀድሞ የተጎዳበት ተጫዋች መጠበቅ ያለበት ከጫማው አንገት ሳይሆን ከማጠናከሪያ ልምምድና ከሐኪም ምክር ነው።

ስድስተኛ፦ ሲያርፉ የሚሰማው

የእንጨት ሜዳ ከሥሩ ባለው አሠራር የተነሣ ሲረገጥ ጥቂት ይሰጣል፤ ሲሚንቶ ምንም አይሰጥም። ሰውነት ከዝላይ ሲመለስ የሚመጣውን ምት በሙሉ መቀበል ያለባቸው ጫማውና መገጣጠሚያዎች ናቸው። ቅርጫቱ ሥር ቆመው ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) እንደሚይዙ አሥር ጊዜ በሁለት እግር ይዝለሉ፤ ከዚያም ከሁለት እርምጃ በኋላ ኳስን ከቅርብ ለማስገባት በሚደረግ የሌይአፕ ዝላይ በአንድ እግር ይረፉ። ምቱ ተረከዝዎ ላይ ወይስ የእግር መዳፍዎ ላይ እንደሚሰማ ለይተው ይጻፉ፤ አምራቾች ብዙ ጊዜ ለስላሳውን ስፖንጅ ወይም የአየር ከረጢቱን ከሁለት በአንዱ ቦታ ብቻ ስለሚያስቀምጡ ተረከዙ ምቹ የሆነ ጫማ ፊት ለፊቱ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። በእግር መዳፉ ላይ የሚሮጥ ጋርድ የተረከዝ ልስላሴ ብዙም አይጠቅመውም።

እውነተኛው ፈተና ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ለስላሳ የነበረ ስፖንጅ ተጨምቆ ወለሉ በቀጥታ መሰማት ከጀመረ ለክብደትዎ አልተሠራም። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ተረከዝዎን፣ የቅልጥምዎን ፊትና ጉልበትዎን ያዳምጡ፤ በአሮጌው ጫማ ያልነበረ ሕመም ከሁለት ሦስት ልምምድ በኋላም ከቀጠለ ጫማው ወድቋል። በሌላ በኩል ልስላሴ ሁሉ ጥቅም አይደለም። ወፍራምና ገንፎ መሰል ስፖንጅ የመጀመሪያውን እርምጃ ያዘገያል፣ እግርን ከወለሉ ያርቃል፣ በጎን ሲረገጥም ያዋዥቃል፤ ስለዚህ ከዝላዩ ሙከራ ቀጥለው የአምስተኛውን ደረጃ ሙከራ እንደገና ይሥሩ።

አየሩም ድርሻ አለው። በብዙ ጫማ ውስጥ ያለው ኢቫ የሚባለው ስፖንጅ ሲበርደው ይጠነክራል፣ ሲሞቀው ይለሰልሳል። አዲስ አበባ በጧት አንድ ሰዓት የተፈተሸና በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ የተፈተሸ አንድ ዓይነት ጫማ ሁለት የተለያየ ፍርድ ሊያገኝ ይችላል። ሙከራውን ዘወትር በሚጫወቱበት ሰዓት ያድርጉት።

ሰባተኛ፦ በጨዋታ ውስጥ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጫማውን አድርገው ሙሉ ጨዋታ ይጫወቱ። በጨዋታው ጊዜ ጫማውን ለመገምገም አይሞክሩ፤ ሐሳብዎ በጨዋታው ላይ ይሁን። እንዳበቃ ጫማውን ከማውለቅዎ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይጻፉ፦ እግሬ ትዝ ያለኝ መቼ መቼ ነበር? ማሰሪያዬን ስንቴ አጥብቄ አሰርኩ? እንዳልንሸራተት ብዬ የተውኩት እንቅስቃሴ ነበር ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ ተጫዋች ባልተማመነበት ጫማ ሳያውቀው ፍጥነቱን ይቀንሳልና። ከዚያ ካልሲዎን አውልቀው እግርዎን ይመልከቱ። ከተረከዙ ጀርባ የቀላ ቦታ ተረከዙ መነሣቱን፣ የትንሿ ጣት ጎን መቅላት ጫማው መጥበቡን፣ በእግር መዳፉ ሥር የወጣ ውኃ መቋጠር ደግሞ እግሩ በጫማው ውስጥ መንሸራተቱን ያመለክታል።

ስምንተኛ፦ የሶሉን ዕድሜ መከታተል

በየሁለት ሳምንቱ ሶሉን አጽድተው በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ ያንሡት፤ በመጀመሪያው ደረጃ የለኩትን የቦይ ጥልቀትም በዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይለኩ። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው በአውራ ጣቱ መነሻ ሥርና ተጫዋቹ በሚገፋበት እግር የውጭ ጠርዝ ያለው ነው። እዚያ ቦዩ ጠፍቶ ጎማው ልሙጥ ከሆነ ሌላው ክፍል ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ጫማው ለጨዋታ አብቅቷል፤ ለውርወራ ልምምድና ለመንገድ ሊያገለግል ይችላል። በዚያውም የስፖንጁን ጎን ይመልከቱ፤ ጫማው ሳይደረግ ከአደረ በኋላም የማይጠፉ ጥልቅ መጨማደዶች ስፖንጁ መድከሙን ያሳያሉ።

በአገራችን አዲስ ጫማ እንደተገዛ ወደ ጫማ ሰፊ ወስዶ ሶሉን ዙሪያውን ማሰፋት የተለመደ ነው። ጠርዙ ከላይኛው አካል ላይ ከፍ ብሎ ለሚያቅፍ ወፍራም የጎማ ሶል ይህ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ከስፖንጅ የተሠራ ሶል ግን ወስፌው ሲያልፍበት ይቀደዳል፤ የአየር ከረጢት ያለበት ከሆነም ሊበሳ ይችላል፤ ከታች የሚወጣው ክርም በሲሚንቶው ይበላና ቀዳዳው ውኃ ያስገባል። ስለዚህ ፈተናው ሳያልቅ አያሰፉት፤ ካሰፉትም የአራተኛውንና የስድስተኛውን ደረጃ ሙከራ እንደገና ይሥሩ፣ ጫማው አንድ አይደለምና። ሲታጠብ በብሩሽና በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይሁን፤ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ማስጣት ማስቲሹን ስለሚያላቅቅ በጥላ ሥር፣ ሶሌታውና ማሰሪያው ወጥቶ ይድረቅ።

ፍርዱን መጻፍ

የፈተናውን ውጤት ለቡድን ጓደኛ ወይም ለሌላ ገዢ የሚያካፍሉ ከሆነ ከአሥር ስንት የሚል አጠቃላይ ነጥብ ባይሰጡ ይመረጣል። ወለል በመያዝ ያገኘውን ነጥብ በልስላሴ ካጣው ጋር ደምሮ ማካፈል የሁለቱንም እውነት ይደብቃል። ይልቁንም ክብደትዎን፣ በቡድኑ ውስጥ የሚጫወቱበትን ቦታ፣ የሜዳውን ዓይነት፣ ጫማው የቆየበትን ጊዜና ያነጻጸሩበትን ጫማ በመጀመሪያ ይግለጹ፤ ቀጥለው ያዩትን ይጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «72 ኪሎ የምመዝን ጋርድ ነኝ። በሻካራ ሲሚንቶ ላይ ለሁለት ወር በሳምንት ሦስት ቀን ተጫውቼበታለሁ። ቀጥታ ሲያቆም ከአሮጌው ይሻላል፤ አቧራ ሲበዛ ግን በየጥቂት ደቂቃው መጥረግ ያስፈልገዋል። በቀኝ እግሬ አውራ ጣት ሥር የነበረው የ4 ሚሊ ሜትር ቦይ 2 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። ተረከዙ በመጨረሻዋ ቀዳዳ ካልታሰረ ይነሣል። እግሩ ሰፊ ለሆነ ሰው ግማሽ ቁጥር ከፍ ማለት ያስፈልጋል።» ይህን ያነበበ ሰው ክብደቱና ሜዳው ከእርስዎ የተለየ ቢሆን እንኳ የትኛው ቃል ለእሱ እንደሚሠራና የትኛውን ራሱ እንደገና መፈተሽ እንዳለበት መለየት ይችላል።